ክብ አትሥራ

በእኔ ዘመን ትምህርት ቤት የገባ ሰው ላጲስ ለማጥፊያ ብቻ እንዳልተሠራ ያውቃል። ገሚሱ ጫፉን እያኘከ ይጨርሰዋል። ገሚሱ ቆራርጦ ይይዝና መምህሩ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው ባዞሩ ቁጥር ይወራወርበታል። ጥቂቶቻችን ደግሞ በምላጭ እየቀረጽን ማህተም እናወጣበት ነበር። ጉለሌ ነው፤ ጊዜው የደርግ መገባደጃ ነው። ዴስኩ ለሁለት ልጅ ተሠርቶ አራት እንቀመጥበታለን፤ ላጲሱም ብዙ ጊዜ ለአራታችን አንድ ነው። የጋራ ላጲስ መቅረጽ ጠብ ያስነሳል። ስለዚህ ቀራጭ መሆን ያማረው ልጅ መጀመሪያ የራሱ ላጲስ ሊኖረው ይገባል፤ ላጲስ እንዲኖረው ደግሞ የዳቦ ሳንቲሙን መተው አለበት። እኔ ዳቦውን ትቻለሁ።

ማህተም ያኔ የትልልቅ ሰዎች ነገር ነበር። ስኳርና ሳሙና ከኅብረት ሱቅ የሚወጣው ማህተም ባረፈበት ካርድ ነው። አገር ቤት ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው የይለፍ ወረቀት ይዞ ነው የሚሄደው። ሥራ ፈላጊውም፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስመዘግበውም፣ ቤት የሚጠይቀውም ደብዳቤ ያጽፋል። የሁሉም መጨረሻ አንድ ነው፤ ክቡ ማህተም ካላረፈበት ወረቀቱ ወረቀት አይደለም። ትልልቆች ሲያወሩ ደጋግሜ ከምሰማው ነገር አንዱ «ማህተም የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው» የሚል ነበር። ሰውየውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። በልጅነት ሐሳቤ ግን ከቀበሌው ሊቀ መንበር አብልጬ እፈራው ነበር። ሊቀ መንበሩ ፈርሞም እሱ ካልመጣ ነገሩ ከጠረጴዛው አይነሳማ።

እኛ ቤትም ማህተም የሚይዝ ሰው ነበር። አባዬ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ አንዳንዴ አስከትሎኝ ይሄዳል። የእኔ ሥራ ፋይል ማቀበል ነው፤ ዓይኔ ግን ከማህተሙ አይነቀልም። መያዣው እንጨት ነው፤ እጅ ስለበዛበት ወዝቶ ያብረቀርቃል። በአንደኛው ጎኑ ትንሽ ምስማር ተመትታበታለች፤ አናቱ በየት በኩል እንደሆነ አውራ ጣት በዳሰሳ እንዲያውቀው ነው። አባዬ የቆርቆሮዋን ሣጥን ይከፍታል፤ ሐምራዊ ቀለም በጠጣው ጨርቅ ላይ ማህተሙን ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ከፊርማው ጠርዝ ጋር አነካክቶ ወረቀቱ ላይ ያሳርፈዋል። ከጫነው በኋላ መያዣውን በትንሹ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ያዘነብለውና ቀጥ አድርጎ ያነሳዋል። በጎን ከተነሳ ቀለሙ ይድጣል። ሲጨርስ መሳቢያው ውስጥ ይቆልፍበታል፤ ቁልፉ ከቀበቶው ጋር በሰንሰለት የታሰረ ነው።

አንድ ቀን ማህተሙን ገልብጦ ፊቱን አሳየኝ። ጎማው ላይ ያለውን ጽሑፍ ላነብ ብሞክር አልሆነልኝም። ፊደል ለይቻለሁ፤ ጋዜጣም ለጎረቤት አነባለሁ። እዚያ ላይ ያሉት ፊደሎች ግን ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፤ መጀመሪያ መሆን የሚገባው መጨረሻ ላይ ተሰልፏል።

«አባዬ፣ ይሄ ምን ይላል?»

«ላንተ ምንም አይልም። ለወረቀቱ ነው የሚናገረው።»

የልቤ ሰንኮፍ ያን ቀን ተተከለ። ለእኔ ጀርባውን ሰጥቶ ለወረቀት ብቻ የሚናገር ነገር በገዛ እጄ ካልሠራሁ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ላጲስ ነበር። አንደኛው ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊው ወገን የእስክርቢቶ ጽሑፍ ያጠፋል ይባላል፤ የሚያጠፋው ወረቀቱን ነው። ውስጡ አሸዋማ ስለሆነ ምላጭ ያዶለዱማል፤ መስመሩም ይሸራረፋል። ቀዩ ወገን ይሻላል። ሁለተኛው ነጩ ላጲስ ነው። ይህ እንደ ሙዝ ይቆረጣል፤ ጸጉር የሚያህል መስመር ሳይቀር ይይዛል። ችግሩ ዋጋው ነው። ሌላም ጠባይ አለው፤ ከፕላስቲክ ማስመሪያ ጋር አንድ ላይ ካደረ ማስመሪያውን አሟሙቶ ይጣበቅበታል። ላጲሱ እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ንጥረ ነገር ወደ ማስመሪያው እየገባ ስለሚበላው መሆኑን የተረዳሁት አድጌ ነው። ያኔ ምክንያቱን ባናውቅም ነጭ ላጲስ ያለው ልጅ ሁሉ በወረቀት ጠቅልሎ ነበር የሚይዘው።

ላጲስ ሲጠፋ ሲሊፐር አለ። ማሰሪያው ተበጥሶ የተጣለ ሲሊፐር ለቀራጭ ሀብት ነው። ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ቀጭን መስመር አይችልም፤ ለትልልቅ ሥዕል ግን ማን ብሎት። ድንችም ሞክረናል። ድንች ለእጅ ይመቻል፤ ችግሩ ሲያድር ነው። ማታ አንበሳ ሆኖ የተቀመጠው ጠዋት ተጨማዶ የታመመ ድመት ሆኖ ይገኛል። በዚያ ላይ ድንች ለወጥ ነው፤ ከእናት ጋር ያጣላል።

ምላጩ ለሁለት ይሰበራል፤ በአንዱ ወገን ጣት እንዳይቆርጥ ክር ይጠመጠምበታል። ቀለሙ ከእስክርቢቶ ቀፎ በአፍ ተነፍቶ ይወጣል፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ የመጣ ልጅ ሥራው ምን እንደሆነ ይታወቅበታል። ቀፎ ሲጠፋ ከኩራዝ ላይ የተጠረገ ጥላሸት በጠብታ ዘይት ይለወሳል። የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለማቸውን የሚያዘጋጁት ከጥላሸት መሆኑን በኋላ ስሰማ፣ እኛም ከባለሙያ ወገን ነበርን ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። የተፈለገው ሥዕል ወይም ስም ስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጠቆር ተደርጎ ይሠራል። ወረቀቱ በፊቱ ተደፍቶ ላጲሱ ላይ ይደረግና ጀርባው በጥፍር ይታሻል። ሲነሳ እርሳሱ ላጲሱ ላይ ቀርቷል፤ ያውም ራሱ ተገልብጦ። ይህን ዘዴ ያልሰማ ልጅ ላጲሱ ላይ በቀጥታ ይጽፍና ዋጋውን ያገኛል። ፊደላችን በዚህ በኩል ተንኮለኛ ነው። ሠ፣ ተ፣ ወ፣ በ፣ ሰ ቢገለበጡም ያው ስለሆኑ ሰውን ያዘናጋሉ። ከዚያ ራብዕና ሳብዕ ብቅ ይላሉ። ባ የሚረዝመው ቀኝ እግሩ ነው፤ ቦ ግራ እግሩ። ስለዚህ ባን ሳይገለብጥ የቀረጸ ሰው ያተመው ቦን ነው። ሳና ሶም እንደዚያው። ሳባ የምትባል ልጅ ስሟን እንዳለ ላጲስ ላይ ጽፋ ብትቀርጸው ወረቀቱ ላይ የምትነሳው «ቦሶ» ሆና ነው። እኛ ክፍል ይህ ደርሷል፤ ልጅቷም እስከ ሰኔ ድረስ ቦሶ ሆና ከረመች።

ፊደል ሲገለብጥ የከረመው የእኛ ክፍል ብቻ አይደለም። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን እዚያው ሮም አሳትሟል። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ሐሳቤ የሄደው ፊደሎቹን ብረት ላይ ወደቀረጸው የእጅ ባለሙያ ነው። ማተሚያ ፊደል ተገልብጦ ስለሚቀረጽ ያ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ባን ቦ፣ ቦን ባ አድርጎ ሲያይ ነው የከረመው። አሳዘነኝም፣ ቀናሁበትም።

ወደ ምላጩ ልመለስ። ምላጭ ቀጥ ብሎ አይገባም። መስመሩ ከላይ ቀጭን፣ ከሥር ሰፊ ሆኖ እንዲቆም ምላጩ ከመስመሩ ወደ ውጭ አዘንብሎ ይገባል። ወደ ውስጥ ካዘነበለ የመስመሩ ሥር ይቦረቦርና ጥቂት እንደታተመበት ይወድቃል። ኩርባ ላይ ሲደረስ የሚዞረው ላጲሱ ነው፤ ምላጭ የያዘው እጅ ባለበት ይጸናል። መጀመሪያ የሚወጣው የፊደሉ ሆድ ነው፤ የወ ሁለት ዓይኖች፣ የጠ ክፍተቶች። የውጪው ዳር መጨረሻ ይቆረጣል፤ ቀድሞ ከተቆረጠ ቀጭኑ መስመር የሚደገፍበት ያጣና ምላጩ ሲነካው ይንቀጠቀጣል። ትንፋሽ ሳይታወቅ ይቆማል። አንዲት ኩርባ እስክታልቅ ድረስ እናት ብትጠራ አይሰማም፤ ሰምቶም «አቤት» ለማለት አፍ አይፈታም።

ደስታው የት ላይ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሠዓሊ ብሩሹን ባነሳ ቁጥር ምን እንደሠራ ያያል። ማህተም ቀራጭ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ የሚያየው ግልባጩን ነው። በዚያ ላይ እጁ የሚነካው የማይፈልገውን ብቻ ነው፤ ስም የሚቀርጽ ሰው ስሙን አይነካውም፣ በዙሪያው ያለውን እያነሳ ይጥላል። ጠረጴዛው በፍርፋሪ ይሞላል፤ ሱሪው ላይ፣ ደብተሩ ውስጥ፣ ጸጉሩ ላይ ሳይቀር ይገኛል። ሁሉ ካለቀ በኋላ ቀለም ይቀባል፣ ይጫናል፣ ይነሳል። ዓይን የሚያየውና ልብ የጠበቀው የሚገናኙት ያን ጊዜ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ በትክክል ገጥመው አያውቁም። አንዱ ጥግ ቀለም አልያዘም፤ ሊወጣ የሚገባው አንድ ሰበዝ የሚያህል ላጲስ ቀርቶ ያልታሰበ ጭረት ጥሏል። ያቺ ጭረት አንዳንዴ ትቆረጣለች፤ አንዳንዴ ግን ታምርና ትተዋለች። የልጅነት ማህተሞቼን ዛሬ ባገኛቸው የእኔ መሆናቸውን የማውቀው በእነዚያ ጭረቶች ይመስለኛል።

ዝናዬ ከክፍል አልፎ ሠፈር ገባ። ክፍያው ግማሽ ዳቦ ወይም ብይ ነበር። በዚህ መሃል የሠፈራችን የኳስ ቡድን ልጆች ማህተም አዘዙኝ። ዙሪያውን የቡድኑ ስም፣ መሃሉ ላይ ኳስ፤ ለተጫዋቾች መታወቂያ ወረቀት ሊያድሉ ነው። ትልቅ ነጭ ላጲስ አዋጥተው ገዙልኝ። በብርጭቆ አፍ ክብ አስምሬ፣ ፊደሎቹን በዙሪያው ደርድሬ ቀረጽኩ። እንደዚያ የተዋጣልኝ ሥራ አልነበረም። ማታ አባዬ ከሥራ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ አገኘው። አነሳው፣ መብራቱ ሥር አስጠጋው፣ ገልብጦ አየው።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«እጅህ ጥሩ ነው» አለ። ቆየት ብሎ፣ «ይሄን ግን ውሰድና ምድጃ ውስጥ ክተተው» አለኝ።

«ለምን አባዬ? የኳስ ማህተም እኮ ነው!»

«ኳስ መሆኑን እኔ ስላነበብኩት ነው። ሌላው ሰው የሚያየው ክቡን ነው። ፊደል የማይለይ ሰው እንኳ ክብ ካየ ቆሞ ያሳልፍሃል። ስማኝ፣ ያሻህን ቅረጽ፤ አልከለክልህም። ክብ ብቻ አትሥራ።»

አለቀስኩ። ያን ጊዜ ክፋት መስሎኝ ነበር። ወረቀት ሰውን የሚያስርበትና የሚያስፈታበት ዘመን እንደነበር፣ የዚያን ወረቀት ጉልበት ደግሞ በየቀኑ በእጁ የሚጨብጥ ሰው ምን ሊያስፈራው እንደሚችል ያስተዋልኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ላጲሱ ምድጃ ውስጥ ገባ፤ የሽታው ነገር አይነሳ። የኳስ ልጆቹ በሦስት ማዕዘን ማህተም ተስማሙ፤ ከሌላው ሠፈር የሚለየንም እሱ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ክቡን ትቼ በሌላው ሁሉ ገባሁበት። ዓሣ፣ ጀበና፣ ቅጠል፣ ቁልፍ፣ የጎረቤታችን አውራ ዶሮ። ክብ የሌለበት ማህተም ማንንም አያዝም፣ ማንንም አያሳልፍም፣ ስኳር አያወጣም። ሰው ሲያየው ፈገግ ይላል እንጂ ኪሱን አይዳብስም። አባዬ የከለከለኝ ሥልጣኑን ብቻ ነበር፤ ጨዋታውን በሙሉ ለእኔ ትቶልኛል። ማህተም ከሥልጣን ሲለይ ምን ያህል ደስ የሚል ነገር እንደሆነ ያወቅሁት በእሱ ክልከላ ነው።

የደስታው ደስታ እንቁጣጣሽ ነበር። ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ እኛ ወንዶቹ ሥዕል ሠርተን በየቤቱ እናድላለን፤ ሳንቲም ይሰጠናል። ሥዕሉ የታወቀ ነው፤ ክንፉን የዘረጋ መልአክ፣ ፀሐይ፣ አደይ አበባ። እያንዳንዱን በእጅ መሣል ጳጉሜን ሙሉ ይፈጃል፤ ሠፈሩ ደግሞ ሰፊ ነው። እኔ ታዲያ ከቆሻሻ መጣያ ባገኘሁት ሲሊፐር አደይ አበባ ቀረጽኩ፤ ለቅጠሎቿ አንድ፣ ለመሃሏ ሌላ ትንሽ። ቢጫው እርድ ነው፤ በውኃ ተበጥብጦ ትንሽ ዱቄት ገብቶበታል። መሃሏ ከቡና አተላ ተሠራ። ግንዷን በአረንጓዴ እርሳስ አሰመርኩ። በአንድ ከሰዓት በኋላ አልጋውም፣ ወለሉም፣ መስኮቱም አበባ ተሰጣበት።

በማለዳ ጭቃውን እየዘለልኩ ሳድል አንዲት ጎረቤታችን እማማ ዘንድ ደረስኩ። ወረቀቱን ተቀብለው ራቅ፣ ቀረብ አድርገው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ይቺን አበባ እነዚያ ቤትም አይቻታለሁ፤ ቁርጥ እሷን። ከሱቅ ነው እንዴ የምትገዙት?»

«እኔ ነኝ የሠራኋት እማማ» አልኩና ማህተሙን ከኪሴ አወጣሁት። ተቀብለው መዳፋቸው ላይ ጫን አደረጉት፤ ቢጫ አበባ ወጣች። ሳቁ። ከዚያ ማህተሙን ገልብጠው ጀርባውን አዩና ድምፃቸው ተለወጠ።

«ይሄማ የእኔ ሲሊፐር ነው!»

የሚመቱኝ መስሎኝ ወደ በሩ ሸሸሁ። እሳቸው ግን ሳንቲሙን እጥፍ አድርገው ሰጡኝ፤ ሌላኛውንም እግር ከአልጋ ሥር ፈልገው አመጡልኝ።

ከፍ ስል ፒያሳ ባለፍኩ ቁጥር «ማህተምና ቲተር እንሠራለን» የሚሉ ጠባብ ሱቆች ፊት መቆም ልማዴ ሆነ። መስታወቱ ላይ ሐምራዊና ሰማያዊ ናሙና ተለጥፏል፤ የሥራ አስኪያጅ፣ የሒሳብ ሹም፣ «ተከፍሏል» የሚል። በዱሮው አሠራር ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደሎች አንድ በአንድ ተለቅመው ይደረደራሉ፤ ከድርድሩ ላይ ቅርጽ ይወሰዳል፤ ጥሬ ጎማ ቅርጹ ላይ ተጭኖ በሙቀት ይበስላል። ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ ማብሰል እ.ኤ.አ. በ1839 የደረሰበት ቻርልስ ጉድይር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የባለቤትነት መብቱን በ1844 አገኘ። ከዚያ በፊት ጎማ በሙቀት የሚቀልጥ፣ በብርድ የሚሰነጠቅ ነገር ስለነበር ማህተም አይወጣውም። እርሳስ ለማጥፋት ግን ቀደም ብሎ ያገለግል ነበር፤ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1770 ይህንኑ ጽፏል። እንግዲህ በታሪክ ላጲስ የጎማ ማህተም ታላቅ ነው። የተጻፈውን ሲያጠፋ የኖረ ነገር የተጻፈውን ወደሚያጸድቅ ተሸጋገረ፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ ዴስክ ላይ ሆነን ሁለቱን በአንድ ቁራጭ አገናኘናቸው።

በእነዚያ ሱቆች ክብ ማህተም የሚፈልግ ደንበኛ በመጀመሪያ ይጠየቅ የነበረው «የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሃል?» ተብሎ ነው። የድጋፍ ደብዳቤው ደግሞ ማህተም ያለው መሆን ነበረበት። ማህተም ለማግኘት ማህተም ያስፈልጋል ማለት ነው። አባዬ ምን ማለቱ እንደነበር እዚያ ቆሜ የበለጠ ገባኝ። ክቡ ከነገሥታቱ ዘንድ ጀምሮ የሚወርድ ዕቃ ነው፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ማህተም መሃሉ ላይ አንበሳ ነበረው፤ ጽሑፉም በግዕዝ ፊደልና በዐረብኛ ነበር፤ የሩቅም የቅርብም ሰው እንዲያከብረው።

እኔ የምወደው ግን ሌላውን የዘር ሐረግ ነው፤ የቀራጮቹን። የአክሱም ሳንቲም ሙዚየም ውስጥ ሳይ ዓይኔ ከንጉሡ ፊት አልፎ ግራና ቀኙ ወዳለው የእህል ዛላ ይሄዳል። ሳንቲሙ የሚመታበትን ብረት የሠራ ሰው ያን ዛላ ገልብጦ፣ አጎድጉዶ ነው የቀረጸው፤ እኛ ቆመን እንድንቀር የምንተወውን መስመር እሱ ቆፍሮ ያወጣዋል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሃንሰን ባሂያ የተባለው ጀርመን ተወላጅ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 እንጨት ቀርጾ ማተምን አስተምሯል፤ ዘሪሁን የትምጌታም በወጣትነቱ በዚህ ጥበብ ሠርቷል። ከሁሉም በላይ ያስገረመችኝ ግን ጃፓናዊቷ ናንሲ ሴኪ ናት። የቴሌቪዥን ሐያሲ ነበረች፤ በመጽሔት የምትተቻቸውን ታዋቂ ሰዎች መልክ ላጲስ ላይ እየቀረጸች ጽሑፏን ታጅብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ገና በ39 ዓመቷ ዐረፈች። የእኛን የዴስክ ሥር ሥራ በሙያነት ይዛ አንድ አገር ሙሉ ያሳቀች ሰው መኖሯን ሳውቅ ያቺ ለላጲስ የተተወች ዳቦ ባክና እንዳልቀረች ተሰማኝ።

አሁን ማህተም በኮምፒውተር ይነደፋል፤ ግልበጣውን ማሽኑ ይጨርሰዋል፤ የሌዘር ጨረር ጎማውን እያቃጠለ በደቂቃዎች ውስጥ ያወጣዋል። ለመሥሪያ ቤት ሥራ ይህ ይሻላል፤ እኔም አሠርቼበታለሁ። ቤት ግን ነጭ ላጲስና ግማሽ ምላጭ ከመሳቢያዬ አይጠፉም። መጽሐፍ ስገዛ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጉጉት አትምበታለሁ፤ ለሠርግ የምወስደው ፖስታ ላይ ጀበና፤ ለእንቁጣጣሽ በየዓመቱ አዲስ አበባ ይቀረጻል። ቅዳሜ ከሰዓት የእህቴ ልጅ ስትመጣ አብረን እንቀመጣለን። ለእሷ ምላጭ ስለማልሰጣት እርሳስ የምታህል ትንሽ መሮ ገዝቼላታለሁ፤ ከሰውነት ወደ ውጭ መግፋትን፣ ላጲሱን ማዞርን፣ ሆዱን አስቀድሞ ማውጣትን አሳይቻታለሁ። ቀሪውን እጇ ራሱ ይደርስበታል።

በቅርቡ ታዲያ ሳላያት ክብ ሠራች። ዙሪያውን ስሟን በትክክል ገልብጣ ጽፋዋለች፤ መሃሉ ላይ ድመት አለ። ከዚያም ወረቀት አዘጋጀች፤ «እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ቴሌቪዥን ማየት የተፈቀደ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል፤ ከግርጌው ድመቱ ታትሟል። ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ ወደ አባዬ ሄደች። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ መነጽሩን ግን እንደ ድሮው ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ነው የሚውለው። አወረደው፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋ፣ ማህተሙን ዙሪያውን ዞሮ አነበበ። አሁን ምድጃ ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ይሄ ደብዳቤ አይሠራም» አላት።

«ለምን አባባ?»

«ቁጥርና ቀን የለውማ! ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ የትኛው መዝገብ ላይ ይገባል?»

ልጅቱ እርሳሷን አነሳች። «ቁጥሩን ስንት ልበለው?»

«አንድ በዪው። ሁሉም መሥሪያ ቤት ከአንድ ነው የሚጀምረው።»

ጽፋ አመጣች፤ እሱም ራሱን ነቅንቆ ተቀበለ። ያን ምሽት እስከ አራት ሰዓት ቴሌቪዥን ታየ፤ እናቷ መጥታ ስትቆጣም አባዬ ወረቀቱን አውጥቶ አሳያት።